አስከሬን ሳይገኝ የተሰጠ ፍርድ፤ የአይስላንድ የ44 ዓመት ትምህርት

ወንጀል በበዛበት አገር ስለ ወንጀል መናገር የተለመደ ነው። ወንጀል ብርቅ በሆነበት አገር ግን አንድ ሰው ወጥቶ ሲቀር የሚያስከትለው ድንጋጤ ምን ያህል እንደሆነ፥ ድንጋጤውም ፖሊስን፥ ዳኛንና ጋዜጣን ወዴት ሊመራ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የአይስላንድን ታሪክ ቢመረምር ብዙ ቁም ነገር ያገኛል። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ እኛም ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፥ እሳተ ገሞራና የበረዶ ተራራ የተጎራበቱባት ደሴት ናት። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የሕዝቧ ቍጥር ዛሬም ገና 400,000 ገደማ ነው፤ ይህ ታሪክ በተጀመረበት በ1974 ደግሞ ከ220,000 አይበልጥም ነበር። የጦር ሠራዊት የላትም። ፖሊሶቿ በየመንገዱ ሲዘዋወሩ እንደ ልማዳቸው ሽጉጥ አይታጠቁም። በ1944 ሪፑብሊክ ከሆነች ወዲህ ፖሊስ ተኵሶ ሰው ገደለ የተባለው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2013 ነው፤ ያም አገሩን በሙሉ አሳዘነ። በአብዛኛው ዓመት የሚፈጸመው የነፍስ ግድያ በአንድ እጅ ጣቶች የሚቈጠር ነው፤ አንድም ግድያ ያልደረሰበት ዓመት ይገኛል።

እንዲህ ባለ አገር ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። አስተማሪው የፖሊሱ ዘመድ፥ ዳኛውም የጋዜጠኛው የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲደርስ የሁሉም ነገር ይሆናል። ይህ መተዋወቅ ታላቅ በረከት ነው፤ በአንዳንድ ቀን ግን ከባድ ሸክም መሆኑን ቀጥለን እናያለን።

ሁለቱ የጠፉ ሰዎች

በጥር 1974 መጨረሻ ላይ፥ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት፥ ጉድሙንዱር ኤይናርሶን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ከርእሰ ከተማው ከሬይክያቪክ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሀፍናርፍዮርዱር ከተማ ሲጨፍር አመሸ። ከጭፈራው ቤት ወጥቶ በብርድና በበረዶ መካከል በእግሩ ወደ ቤቱ አቀና፤ አልደረሰም። አገሩ በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ፥ ስንጥቁና ጕድጓዱ የበዛ ስለሆነ፥ በክረምት መንገደኛ ጠፍቶ መቅረቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ጥቂት ቀን ተፈለገና ነገሩ ተዳፈነ።

ከ10 ወር በኋላ፥ በኅዳር 19 ቀን 1974 ማታ፥ በሌላይቱ የወደብ ከተማ በኬፍላቪክ፥ ጌይርፊኑር ኤይናርሶን የተባለ የ32 ዓመት ሠራተኛ፥ ባለትዳርና የልጆች አባት፥ ቤቱ ሳለ ስልክ ተደወለለት። መኪናውን አስነሥቶ በወደቡ አጠገብ ወዳለው ቡና ቤት ሄደ። መኪናው በማግሥቱ ቍልፉ እንደ ተሰካ ቆሞ ተገኘ፤ ሰውየው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አንባቢ የሁለቱን ሰዎች ስም አይቶ ወንድማማች እንዳይመስሉት። አይስላንዳውያን በዚህ ነገር ከእኛ ጋር ይመሳሰላሉ፤ አብዛኞቹ የቤተ ሰብ ስም የላቸውም። ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎም የአባቱ ስም ይመጣል። ኤይናርሶን ማለት የኤይናር ልጅ ማለት ነው። የስልክ መጽሐፋቸው እንኳ የሚደረደረው በየሰውየው የራሱ ስም ፊደል ተራ ነበር። ሁለቱ የጠፉት ሰዎች ዝምድና የላቸውም፤ የሚተዋወቁ መሆናቸውንም ያስረዳ ማስረጃ አልነበረም። ያገናኛቸው ፖሊስ ነው።

የሁለተኛው ሰው መጥፋት አገሩን አነቃነቀው። በዚያ ምሽት በቡና ቤቱ ስልክ ሲነጋገር ስለ ታየ አንድ ሰው ምስክሮች በሰጡት ቃል መሠረት፥ ፖሊስ የሰውየውን ራስ በሸክላ ጭቃ አሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። ሕዝቡም በአይስላንድ ቋንቋ ሌይር ማለት ጭቃ ስለሆነ፥ የጠፋውን ሰው ስም ለወጥ አድርጎ ጭቃውን ራስ ሌይርፊኑር ብሎ ጠራው። የጭቃውን ራስ የሚመስል ሰው ሁሉ ተጠረጠረ። መጠጥ በሥውር ወደ አገር የሚያስገቡ ነጋዴዎች ገድለውታል የሚል ወሬም ተናፈሰ። በዚያ ዘመን በአይስላንድ ቢራ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነበርና፤ የተፈቀደው በ1989 ነው።

ሕልም ማስረጃ ሲሆን

ዓመት አለፈ፤ ፍንጭ አልተገኘም። በታኅሣሥ 1975 ኤርላ ቦላዶቲር የተባለች የ20 ዓመት ሴትና ወዳጅዋ ሳይቫር ቼሼልስኪ የፖስታና ቴሌግራፍን መሥሪያ ቤት ገንዘብ በማጭበርበር ተይዘው ታሰሩ። ሴቲቱ ከወለደች ሦስት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር። የገንዘቡን ነገር አመነች። ወደ ልጅዋ ለመመለስ ስትጠባበቅ ግን መርማሪዎች የጉድሙንዱርን ፎቶግራፍ አሳይዋት፤ ታውቂዋለሽን ሲሉ ጠየቋት። እርስዋም አንድ ጊዜ እንዳየችው ተናገረች። በዚያው ሰሞን፥ ከመስኮቷ በታች የሰዎች ድምፅ የሰማች የመሰላት አንድ ክፉ ሕልም ማየቷንም ጨምራ አወራች።

ነገር የተበላሸው ከዚህ ላይ ነው። መርማሪዎቹ ሕልሙን እንደ ሕልም አልተቀበሉትም። አንድ አሠቃቂ ነገር አይታ ከድንጋጤዋ የተነሣ ልቧ የሸፈነው እውነት ነው ብለው አሰቡ። ሥራቸውም ማስረጃ መፈለግ መሆኑ ቀርቶ፥ እርስዋን እንድታስታውስ መርዳት ሆነ። ከብዙ ቀን ጥያቄ በኋላ፥ ሳይቫርና ጓደኞቹ አንድ ሬሳ ተሸክመው ማየቷን በሚገልጽ ወረቀት ላይ ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። የተጠሩት ወጣቶች አንድ በአንድ ተያዙ፤ እነርሱም በተራቸው ቃል ሰጡ። ከጉድሙንዱር ተነሥተው ወደ ጌይርፊኑር ተሻገሩ። ለብቻቸው በተዘጋባቸው ክፍል ሳሉ የማያውቁትን ሰው ስም ጠሩ። በዚህም ምክንያት ምንም የማያውቁ አራት ሰዎች፥ ከነርሱም አንዱ የኤርላ የአባቷ ልጅ፥ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ታስረው ተለቀቁ። ኤርላ ራሷ አንድ ጊዜ ጌይርፊኑርን በጠመንጃ ተኵሳ የገደለች እርስዋ እንደሆነች እስከ መናገር ደረሰች።

የእስራታቸውም ሁኔታ ይህን ይመስል ነበር። ለብቻ ተዘግቶ መታሰር ለጥቂት ቀን ቢሆን የምርመራ መንገድ ነው ይባላል። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ በዚህ ዓይነት 655 ቀን ተቀመጠ፤ ሳይቫርም ከ600 ቀን በላይ፤ ኤርላም 240 ቀን ያህል። የእንቅልፍና የማደንዘዣ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። ሌሊት መብራት ሳይጠፋ የሚያድሩበት ጊዜ ነበር። አንዳንዱ ከ100 ጊዜ በላይ ተመረመረ፤ በብዙውም ጊዜ ጠበቃ በአጠገቡ አልነበረም። ሳይቫር ውሃ እንደሚፈራ ታውቆ ራሱን በውሃ ውስጥ እንደነከሩት ከጊዜ በኋላ ተመሰከረ።

ከውጭ አገር የመጡት መርማሪ

የአይስላንድ ፖሊስ እንዲህ ያለ ነገር መርምሮ አያውቅም። ጊዜውም የጭንቅ ጊዜ ነበር፤ በ1975ና በ1976 አገሪቱ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ባሕር ከእንግሊዝ ጋር ተጣልታ መርከቦቻቸው ይጋጩ ነበር። ጋዜጦች በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ በፓርላማም የፍትሑን ሚኒስትር የሚወቅስ ንግግር ተሰማ። ስለዚህ መንግሥት በ1976 ካርል ሹትስ የተባሉትን፥ በጡረታ የተሰናበቱ የምዕራብ ጀርመን ከፍተኛ የፖሊስ መኰንን አስመጣ።

ሹትስ ልምድ ያላቸው ሰው ነበሩ። ነገር ግን ያገኙት ነገር አስቀድሞ የተቦካ ነበር። እርስ በርሱ የሚጣላውን የተከሳሾች ቃል አስተካክለው አንድ ወጥ ታሪክ አወጡለት። በ1977 መጀመሪያ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ምስጢሩ መፈታቱን አስታወቁ። ሕዝቡም እፎይ አለ። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ሬሳው የት አለ? ተከሳሾቹ በእጃቸው ሰንሰለት ይዘው በድንጋያማው ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ ተመላለሱ፤ በዚህ ቀበርነው ያሉት ቦታ ሁሉ ተቈፈረ፤ ምንም አልተገኘም። መሣሪያ አልተገኘም፤ ደም አልተገኘም፤ ገለልተኛ የዓይን ምስክርም አልቀረበም። የነበረው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉም በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ነበር። ተከሳሾቹ ቃላችንን የሰጠነው ተገደን ነው ብለው ቢያፈርሱትም ሰሚ አላገኙም።

በ1977 መጨረሻ የበታቹ ፍርድ ቤት ሁለቱን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። በየካቲት 22 ቀን 1980 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ዝቅ አድርጎ ጥፋተኛነቱን አጸና። ሳይቫር 17 ዓመት፥ ሌሎቹ አራት ወንዶች 16፥ 13፥ 10 እና 1 ዓመት፥ ኤርላም ንጹሓን ሰዎችን በሐሰት በመወንጀል 3 ዓመት ተፈረደባቸው።

እዚህ ላይ የአስተዳደሩን አቋም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በአይስላንድ ምርመራና ዳኝነት ገና በሚገባ አልተለያዩም ነበር። ከርእሰ ከተማው ውጭ የአውራጃው ሹም የፖሊስ አለቃም ዳኛም ነበር። ይህ አሠራር በሕግ ተለውጦ ሁለቱ ሥልጣኖች የተለያዩት በ1992 ነው። መርማሪውን የሚቈጣጠር ዳኛ ከመርማሪው ጋር በአንድ ማዕድ የሚበላ ከሆነ፥ ተከሳሹ ለማን ይጮኻል?

ሰው ያልሠራውን ወንጀል ለምን ሠራሁ ይላል?

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ‹‹እኔ ብሆን ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም፤ ካመነ አንድ ነገር አድርጓል ማለት ነው።›› ይህ አስተያየት እውነት ይምሰል እንጂ እውነት አይደለም። ይህንንም በጥናት ካስረዱት አንዱ ራሳቸው አይስላንዳዊ ናቸው። ፕሮፌሰር ጊስሊ ጉድዮንሶን በወጣትነታቸው በሬይክያቪክ ፖሊስ የነበሩ ሲሆን፥ ኋላ በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር ሆኑ። በ1982 ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር በመሆን፥ ሰው በራሱ ትዝታ ላይ ያለውን እምነት የሚያጣበትን ሁኔታ ገልጸው ስም አወጡለት። በእንግሊዝ አገር በ1975 ቦምብ ጥለዋል ተብለው የተፈረደባቸው፥ በ1989ና በ1991 ደግሞ ንጹሕ ሆነው የተለቀቁት ሰዎች ጉዳይ ሲመረመር የእርሳቸው እውቀት ጠቅሟል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰውየው ከሰው ሁሉ ይለያል፤ ቀንና ሌሊቱ ይደባለቅበታል። ሁለተኛ፥ የሚያነጋግረው ሰው መርማሪው ብቻ ስለሆነ፥ ጠላቱ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛ ወዳጁ ይሆናል፤ ደስ ሊያሰኘውም ይፈልጋል። ሦስተኛ፥ መርማሪው ማድረግህን እናውቃለን፤ የረሳኸው ስለ ደነገጥህ ነው ይለዋል። እንቅልፍ ያጣና መድኃኒት ያደነዘዘው አእምሮ በመጨረሻ ምናልባት እውነት ይሆን? ማለት ይጀምራል። ከዚያም የጎደለውን በሐሳቡ ይሞላዋል። ከተከሳሾቹ አንዱ፥ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠውና የተማረው ሰው፥ መግደሉን እስኪያምን ድረስ በራሱ ትዝታ ተጠራጥሮ ነበር፤ ይህ ሰው እስራቱን ጨርሶ ኋላ ቄስ ሆነ። ስለዚህ ጉዳዩ የሰነፍና የጎበዝ፥ የተማረና ያልተማረ ነገር አይደለም።

የዘገየ ፍርድ

ሳይቫር ከወህኒ ከወጣ በኋላ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት ዕድሜውን ሙሉ ደከመ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1997 አቤቱታውን አልቀበልም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዳቪድ ኦድሶን በፓርላማ ተነሥተው የፍርዱን አካሄድ በብርቱ ነቀፉ፤ ቢሆንም በሩ አልተከፈተም። ሳይቫር በ2011 በኮፐንሃገን ከተማ ሞተ። ከእርሱም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ 655 ቀን ለብቻው የታሰረው ጓደኛው አረፈ።

ነገር ግን ይህ ሟች በእስር ቤት ሳለ የጻፈው የቀን ማስታወሻ ተርፎ ነበር። ቤተ ሰቡ በ2011 ለሰው አሳዩት። ፕሮፌሰር ጊስሊ መረመሩት፤ መንግሥትም አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ2013 ባወጣው ዘገባ የተከሳሾቹ ቃል የማይታመን መሆኑን አስታወቀ። በ2017 ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። በመጨረሻም በመስከረም 27 ቀን 2018 ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ነጻ ይለቀቁ ብሎ ስለ ጠየቀ፥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አምስቱን ወንዶች ከግድያው ክስ ነጻ አደረጋቸው። ሁለቱ በመቃብር ሆነው ነጻ ወጡ። ጠቅላይ ሚኒስትርዋ ካትሪን ያኮብስዶቲር በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2020ም ለተረፉትና ለሟቾቹ ወራሾች ከ700 ሚሊዮን ክሮና በላይ ካሣ ተከፈለ። የኤርላ የሐሰት ውንጀላ ፍርድ ግን በ2022 እንደገና እንዲታይ ሳይፈቀድ ቀረ፤ ሆኖም በዚያው ዓመት መንግሥት እርስዋንም ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ከፈላት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር እንጨምር። አይስላንድ የሞት ቅጣትን በሕግ ያስቀረችው በ1928 ነው፤ በመጨረሻም የፈጸመችው በጥር 12 ቀን 1830 ሲሆን፥ በሰሜኑ አውራጃ ሁለት ሰዎች በነፍስ ግድያ አንገታቸው ተቀላ። በ1980 የሞት ቅጣት ኖሮ ቢሆን የ2018 ይቅርታ ለማን ይደርስ ነበር?

ሌላው ምርመራ

የአይስላንድ ፖሊስ ከዚህ ነገር ምን ተማረ ለሚል ሰው፥ በጥር 2017 የሆነውን መመልከት ይበቃል። አንዲት የ20 ዓመት ወጣት በቅዳሜ ሌሊት ከሬይክያቪክ ዋና መንገድ ጠፋች። አገሩ እንደ ገና ደነገጠ። በመቶ የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች በረዶውንና ባሕር ዳሩን አሰሱ። በዚህ ጊዜ ግን ፖሊስ የተከተለው ሕልምን ሳይሆን ዱካን ነበር። በየመንገዱ የተተከሉት ካሜራዎች ያነሡት ሥዕል ወደ አንድ ቀይ የኪራይ መኪና መራ። ስልኳ መጨረሻ ምልክት የሰጠበት ቦታና ጫማዋ የተገኘበት ወደብ ሁለቱም በሀፍናርፍዮርዱር ነበሩ። መኪናውን የተከራየው ከግሪንላንድ የመጣ የዓሣ መርከብ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። በጕዞ ላይ የነበረው መርከብ ተመለሰ፤ በመኪናው ውስጥ የልጅቱ ደም ተገኘ፤ አስከሬንዋም ከስምንት ቀን በኋላ በደቡብ ባሕር ዳር ተገኘ። ከሁለቱ ከተያዙት መርከበኞች አንዱ ማስረጃ ስላልተገኘበት ተለቀቀ። ሌላው ግድያውን ካደ፤ ይሁን እንጂ ማስረጃው ስለ መሰከረበት በዚያው ዓመት በመስከረም ወር 19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በይግባኝም ጸና።

አንባቢ ሁለቱን ነገሮች ያመዛዝን። በ1974ቱ ጉዳይ የእምነት ቃል ሞልቶ ማስረጃ አልነበረም፤ በ2017ቱ ማስረጃ ሞልቶ የእምነት ቃል አልነበረም። የመጀመሪያው ፍርድ ፈረሰ፤ ሁለተኛው ቆመ። በርግጥ በ1974 ካሜራና የደም ምርመራ እንደ ዛሬው አልነበረም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ማስረጃ በሌለበት ጊዜ አላገኘንም ማለትን የሚከለክል መሣሪያ በየትኛውም ዘመን አልነበረም።

ትምህርቱም ገና አላለቀም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2023 ባወጣው ዘገባ፥ በአይስላንድ ሰውን ከፍርድ በፊት ለብቻው ዘግቶ ማሰር ዛሬም ያለ መጠን እንደሚሠራበት ገልጾ ነቅፏል። ይቅርታ የጠየቀ መንግሥት ልማዱን ፈጥኖ ላይተው ይችላል፤ ልማድ ከሕግ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማልና።

ለወጣት ባለሥልጣን

ይህን ታሪክ ያነበበ ተማሪ ወይም ወጣት ባለሥልጣን፥ መርማሪዎቹ ክፉዎች ነበሩ ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚወዱ፥ የጠፉትን ሰዎች ቤተ ሰቦች እንባ ለማበስ የሚጥሩ ነበሩ። ያሳሳታቸው ጥድፊያና እርግጠኝነት ነው። አለቃ መልስ ይፈልጋል፤ ጋዜጣ መልስ ይፈልጋል፤ ሕዝብ መልስ ይፈልጋል፤ የበታቹ ሠራተኛም የሚፈለገውን መልስ ጽፎ ያቀርባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አላውቅም ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ በዚያ ቀን ይነቀፍ ይሆናል፤ ግን ፍርዱን ከ38 ዓመት በኋላ የሚያፈርስበት ሰው አይኖርም።

የጠፋው ነገርም የታሳሪዎቹ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ፖሊስ ወንጀለኛው ተገኘ ብሎ መዝገቡን በዘጋበት ቀን የጉድሙንዱርና የጌይርፊኑር ፍለጋም ቆመ። የተሳሳተ ፍርድ ንጹሑን ያስራል፤ በዳይም ካለ እርሱን ይሸፍናል፤ የተበዳዩንም እናት በሐሰት ያጽናናል። ዛሬ ተከሳሾቹ ነጻ ከወጡ በኋላ ሁለቱ ቤተ ሰቦች በ1974 ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። ልጃቸው በበረዶው ጠፋ ወይስ ሰው አጠፋው? ባልዋን በዚያ ምሽት የጠራው ማን ነው? መልሱን የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱም መቃብር የላቸውም። የ655 ቀኑ ታሳሪ በጨለመ ጊዜ በጻፈው ማስታወሻ ንጽሕናው ታወቀለት፤ የእነዚህ ሁለት ሰዎች እውነት ግን እስከ ዛሬ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ወይም በባሕሩ ሥር እንደ ተቀበረ ነው።